መብራት ሲጠፋ የማይቆም ራስፕቤሪ ፓይ፦ ከጣና ዳር የተገኘ ተሞክሮ

ጣና ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በሚገኝ አንድ የችግኝ ማፍያ ቦታ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚጠብቅና የሐይቁን ከፍታ የሚመዘግብ መሣሪያ በራስፕቤሪ ፓይ (በአንድ ቦርድ ላይ በተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) ሠርቼ ካቆምሁ ወዲህ፣ ተመሳሳይ ነገር ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚያነሱልኝ ጥያቄ «የትኛውን ቦርድ ልግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ሊቀድመው ይገባል። የችግኝ ቦታው ባለቤት ጋሼ ስለ ኤሌክትሮኒክስ የማያውቁ ሰው ቢሆኑም፣ ሐሳቤን ዘርዝሬ ስጨርስ «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል?» ብለው ነበር የጠየቁኝ። በባሕር ዳር ለሚሠራ መሣሪያ የቦርዱ ዓይነት፣ የባትሪው መጠን፣ የሚሞሪ ካርዱ አያያዝና የሰዓቱ ጉዳይ ሁሉ የሚወሰኑት ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። የጣና ውኃ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ገደማ፣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርስና በበጋው እየቀነሰ ሄዶ ክረምት ሊገባ ሲል ዝቅተኛው ላይ ይወርዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ዳርቻው ለጥ ባለበት ስፍራ ይህ መጠን ውኃውን ብዙ እርምጃ ስለሚያሸሸው፣ የመሳቢያ ቱቦው አፍ ከውኃ ይወጣና ሞተሩ አየር እየሳበ በደረቁ ሲሽከረከር ማሸጊያው ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የተስፋፋው እምቦጭም ነፋስ ሲገፋው መጥቶ የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል። ስለዚህ መሣሪያው ውኃው ሲወርድ ሞተሩን እንዲያቆም፣ ለጋሼ በስልካቸው አጭር መልእክት እንዲልክ፣ የቱቦውን አካባቢ በየሰዓቱ ፎቶ እንዲያነሣና የውኃውን ከፍታ መዝግቦ በግራፍ እንዲያሳይ ተፈለገ።

በገበያ ላይ ያሉትን ቦርዶች በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል። አንደኛው ወገን ሙሉ ኮምፒውተር ነው፤ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ይጫንበታል፣ ካሜራ ይቀበላል፣ ፋይል ያስቀምጣል፣ ድረ ገጽ ያስተናግዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ራስፕቤሪ ፓይ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ተከታዮቹ፣ ኦሬንጅ ፓይና ቢግልቦን ብላክ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወገን ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ አንድ ፕሮግራም ብቻ ይዞ፣ ኃይል እንዳገኘ ወዲያው ሥራውን ይጀምራል፤ በድንገት ቢጠፋም የሚበላሽበት ነገር የለም። አርዱኢኖ ኡኖ፣ ኢኤስፒ32 እና እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የሚመደቡት እዚህ ነው። ፒኮው በስሙ የፓይ ቤተሰብ ቢመስልም ሊኑክስ አይጫንበትም፤ ይህን ሳያውቁ ገዝተው ስክሪን የሚሰካበትን ቀዳዳ ሲፈልጉ ያየኋቸው ሰዎች አሉ።

ሞተሩን ማስነሣትና ማቆም ለሊኑክስ ኮምፒውተር መሰጠት የለበትም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ሊኑክስ ለመነሣት ግማሽ ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ካርዱ ከተበላሸ ጭራሽ አይነሣም፣ በሥራ ሲጨናነቅም ትእዛዝ ያዘገያል። በእኛ መሣሪያ ውኃ መለካት፣ ሞተር ማቆምና መልእክት መላክ የፒኮው ድርሻ ሲሆን፣ ፎቶ፣ መዝገብና ግራፍ ደግሞ የፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ፣ ማለትም የትንሹ ራስፕቤሪ ፓይ፣ ድርሻ ነው። ፓይው ቢሞት ጋሼ ግራፍ ያጣሉ እንጂ ሞተር አያጡም። ፓይ 4 ወይም ፓይ 5 ለምን አልተመረጠም ለሚል፣ ምክንያቱ የኃይል ፍጆታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይ 5 በ5 ቮልት እስከ 5 አምፒየር የሚሰጥ ኃይል አቅራቢ እንዲኖረው ይመከራል፤ ለጠረጴዛ ሥራ ግሩም ቦርድ ነው፣ በባትሪ ለሚያድር የመስክ መሣሪያ ግን ሸክም ነው።

እዚህ ላይ ስሌቱን በወረቀት መሥራት ይጠቅማል። ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተርን በባትሪ ለሚያቆይ ዕቃ) የሚያገለግለው የተለመደው የ12 ቮልት፣ የ7 አምፒየር ሰዓት ባትሪ ሲሞላ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይራቆት ስለሚሻል፣ ልንቆጥርበት የሚገባው 42 ያህሉን ነው። ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኮንቨርተር ከዚህ ላይ ጥቂቱን በሙቀት ይወስዳል፤ 36 ዋት ሰዓት ቀረ እንበል። ፓይ 4 ቀላል ሥራ እየሠራ 3 ዋት ገደማ ስለሚወስድ ግማሽ ቀን ይቆያል፤ ዜሮ 2 ደብልዩ ግን በአንድ ዋትና በአንድ ዋት ተኩል መካከል ስለሚሠራ ቀንና ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። ፒኮውማ ከሁለቱም እጅግ ያነሰ ስለሚወስድ፣ ፓይው ከተዘጋ በኋላ በቀረው ኃይል ለብቻው ቀናትን ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰው ባትሪ ከመግዛት ይልቅ የስልክ ፓወር ባንክ መጠቀም ይመርጣል። ነገር ግን አብዛኛው ፓወር ባንክ ከመብራት ወደ ራሱ ባትሪ ሲዛወር ለአፍታ ኃይል ስለሚያቋርጥ ፓይው ይጠፋና እንደገና ይነሣል፤ የሚወሰድበት ኃይል በጣም ሲያንስ ደግሞ ሥራ የለም ብሎ ራሱን ይዘጋል። ለቦርዱ የሚበጀው ከ12 ቮልት ባትሪ በኤልኤም2596 ወይም በተመሳሳይ ኮንቨርተር 5.1 ቮልት አውጥቶ መስጠት ነው። የኮንቨርተሩ የቮልቴጅ ማስተካከያ ብሎን ቦርዱ ከመገናኘቱ በፊት በቴስተር እየታየ መስተካከል አለበት፤ ከፋብሪካ የሚመጣበት ቮልቴጅ ቦርዱን ሊያቃጥል የሚችል ከፍተኛ ሊሆን ይችላል።

የኬብሉ ጉዳይ ከባትሪው እኩል ትኩረት ይሻል። ቻርጀሩ ላይ 5 ቮልት የተጻፈ ቢሆንም፣ በቀጭን ኬብል ውስጥ አልፎ ቦርዱ ላይ ሲደርስ ከ4.63 ቮልት በታች ከወረደ ፓይው የቮልቴጅ ማነስ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ ስክሪን ላይ ብልጭ የምትለው ትንሽ የመብረቅ ምልክት ይህ ናት። ምልክቷን ቸል ብሎ መሥራት ይቻላል፤ ካርድ በየጊዜው የሚበላሽባቸው መሣሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ እነዚህ ሆነው ይገኛሉ። ከገበያ የሚገዛ ረጅም የስልክ ኬብል ይቅርና አጭርና ወፍራም ሽቦ በሶልደር ማያያዝ ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋ የሚከናወነው ነገር ቅደም ተከተል አለው። ፒኮው ቮልቴጅ ሊለካ የሚችልባቸው አናሎግ እግሮች ስላሉት፣ በሁለት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን በሚገታ ዕቃ) የተከፋፈለውን የባትሪ ቮልቴጅ ያነባል፤ ባትሪው ሥራ ላይ እያለ ወደ 12 ቮልት ሲጠጋ ለፓይው ምልክት ይሰጠዋል፣ ፓይውም ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል። ቀላል የሚመስለው ነገር የሚወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው። በሥርዓት የጠፋ ፓይ የሚነሣው ኃይሉ ተቋርጦ ሲመለስ ነው፤ ባትሪው ግን 5 ቮልት መስጠቱን አላቋረጠም፤ ስለዚህ መብራት ተመልሶ ባትሪው ቢሞላም ፓይው እንደተኛ ይቀራል። መፍትሔው ጂፒአይኦ 3 የተባለው የፓይው መስመር ነው (ጂፒአይኦ ማለት ቦርዱ ከውጭ ዕቃ ጋር ምልክት የሚለዋወጥባቸው እግሮች ናቸው)፤ ይህ መስመር ለአፍታ ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት መስመር) ጋር ሲገናኝ በሥርዓት የጠፋ ፓይ ይነቃል። ሁለቱም ቦርዶች በ3.3 ቮልት ስለሚሠሩና ግራውንዳቸው አንድ ስለሆነ፣ ፒኮው ባትሪው በበቂ ሁኔታ መሙላቱን ካየ በኋላ መስመሩን አውርዶ ይለቀዋል። ይህን ሁሉ ወደ ሐይቁ ከመውሰዴ በፊት ቤት ውስጥ ሶኬቱን ባልተጠበቀ ሰዓት ሁሉ እየነቀልሁ ሞክሬዋለሁ፤ ፓይው እየተነሣ ሳለ፣ ፎቶ እየጻፈ ሳለ፣ እየጠፋ ሳለም ጭምር። በተለይ እየጠፋ ሳለ መብራት የሚመለስበት አጋጣሚ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እያለም ኃይል በድንገት የሚቋረጥበት ቀን ስለማይጠፋ፣ የሚሞሪ ካርዱ በራሱ መጠበቅ አለበት። በራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ የማስተካከያ ሜኑ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚባለውን የፋይል ሥርዓት ማብራት ይቻላል፤ ይህ ሲበራ ካርዱ ለንባብ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ የሚጻፈው ነገር ሁሉ ራም ላይ ይቀመጥና ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መዝገቡና ፎቶው እንዳይጠፉ ደግሞ በተለየ ፍላሽ ዲስክ ላይ ይጻፋሉ፤ ፍላሹ ቢበላሽ እንኳ ሥርዓተ ክወናው ደህና ሆኖ ይነሣል። ካርድ ሲገዛ ያልያዘውን መጠን እንደያዘ አስመስሎ የሚያሳይ የሐሰት ካርድ እንዳይሆን መፈተሽ የግድ ነው። ኤፍ3 የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ነገር ግን 64 ጊጋባይት የተባለ ካርድ ውስጥ እውነተኛው 8 ብቻ መሆኑን የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ሰዓቱም ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። ከፓይ 5 በፊት የነበሩት ፓይዎች ሲጠፉ የሚቆጥር የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፤ ሲነሡ ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ፣ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ በመጨረሻ ያስታወሱትን ሰዓት ይዘው ይቀጥላሉ። መብራትና መስመር አብረው በጠፉበት ሌሊት ውኃው ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ የተለካ የሚያስመስል መዝገብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲኤስ3231 የተባለች ርካሽ የሰዓት ሞጁል በሳንቲም ባትሪ ለዓመታት ትቆጥራለች፤ በዓመት ውስጥ የምታዛንፈውም ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። አንድ ተጨማሪ ምክር፦ በፋይሉ ውስጥ ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር (ዩቲሲ) ይጻፍ፣ ግራፉ ላይ ሲወጣ ብቻ ወደ አገራችን የሰዓት ክልል ተቀይሮ፣ ከዚያ ላይ 6 ሰዓት ተቀንሶ በእኛ አቆጣጠር ይቅረብ። ጋሼ ግራፉን ሲያዩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆኖ ሊታያቸው ይገባል።

ወደ መለኪያዎቹ ልለፍ። የውኃውን ከፍታ የሚለካው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚጠብቅ አልትራሳውንድ መለኪያ ነው፤ ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው የተለመደው ዓይነት ለእርጥበት ስለማይሆን፣ ውኃ የማያስገባው ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ይሻላል። መለኪያው በ5 ቮልት ሲሠራ የሚመልሰው ምልክትም 5 ቮልት ነው፣ የፓይም ሆነ የፒኮ እግሮች ግን ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም፤ በመካከሉ ባለ አንድና ባለ ሁለት ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብቶ ማውረድ ያስፈልጋል። ጣና ላይ ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች እንደሚያውቁት ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ይበረታል፤ በግልጽ ውኃ ላይ የሚለካ መሣሪያ በዚህ ሰዓት የሚሰጠው ቁጥር ይዘላል። ወፍራም የፒቪሲ ቱቦ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ አበጅቶ ማቆምና በውስጡ መለካት ማዕበሉን ያረግባል፤ እምቦጩም ቱቦው ውስጥ ስለማይገባ መለኪያው ቅጠሉን ውኃ ነው ብሎ አይሳሳትም።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የወሰደብኝና የተማርሁበት ግን የአየሩ ሙቀት ነው። የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፤ በ15 ዲግሪ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲሆን በ28 ዲግሪ 348 ይሆናል። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት እንደሚገኙት አብዛኞቹ ምሳሌዎች 343ን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ከሆነ፣ ውኃው ከመለኪያው ሁለት ሜትር በሚርቅበት ጊዜ ማለዳና ከሰዓት በኋላ የሚነበበው ቁጥር በአራትና በአምስት ሴንቲ ሜትር መካከል ይለያያል። ማለዳ ድምፁ ስለሚዘገይ ውኃው የራቀ፣ ማለትም የወረደ ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሞላ ይመስላል። ሐይቁ በነፋስ ጥቂት ሊዋዥቅ ቢችልም፣ በየማለዳው ወርዶ በየከሰዓቱ በእኩል መጠን የሚመለስ ውኃ ሲታይ መለኪያውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለውን የሙቀት መለኪያ በቱቦው ውስጥ ከውኃው በላይ ሰቅሎ፣ ፍጥነቱ በየጊዜው እንዲሰላ ሲደረግ ግራፉ ይስተካከላል።

የባሕር ዳር ከፍታም መለኪያዎችን ለሚፈትሽ ሰው ወጥመድ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንገኝ፣ ቢኤምፒ280 የተባለው የአየር ግፊት መለኪያ እዚህ 820 ሄክቶፓስካል አካባቢ ያነባል፤ በመማሪያዎች ላይ 1,013 የሚል ቁጥር ያየ ጀማሪ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። በፈላ ውኃ የሙቀት መለኪያ የሚፈትሽም 100 ዲግሪ አይጠብቅ፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ተቀጥቅጦ ከጥቂት ውኃ ጋር የተቀላቀለ በረዶ ግን የትም ቢሆን ዜሮ ስለሆነ የተሻለ መፈተሻ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ አጭር ግን ጥብቅ ነገር እላለሁ። አሥር አምፒየር የሚል የተጻፈባት ትንሿ ሰማያዊ ሪሌ (በትንሽ ምልክት የምትታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሞተር በቀጥታ ለማስነሣት አትሆንም፤ የአንድ ፈረስ ጉልበት ሞተር ሲሠራ አምስት አምፒየር ያህል ቢወስድም ሲነሣ የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ሪሌዋ ኮንታክተር (ለትልቅ ኃይል የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ታዝዝ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ኮንታክተሩ ይሁን፤ ፒኮው ቢጠፋ ኮንታክተሩ የሚከፈትና ሞተሩ የሚቆም ሆኖ ይገናኝ። የ220 ቮልቱን ክፍል፣ ያውም ውኃ ዳር፣ የሠራልን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ማንም በራሱ እንዲሞክረው አልመክርም።

አጭር መልእክት የሚልከው ሲም800ኤል የተባለው ሞጁል ነው፤ በ2ጂ ስለሚሠራ የሞባይል ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜም ያገለግላል። ይህ ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ብቻ ይቀበላል፣ በሚልክበት ቅጽበትም እስከ 2 አምፒየር ይስባል፤ ስለዚህ ከፒኮው እግር ኃይል ሊያገኝ አይችልም፣ በ4 ቮልት ላይ የተስተካከለ የራሱ ኮንቨርተርና በአጠገቡ ትልቅ ካፓሲተር (ኃይል አጠራቅሞ በቅጽበት የሚሰጥ ዕቃ) ያስፈልገዋል። መልእክቱ በአማርኛ እንዲደርስ ከተፈለገ ፊደሉ በዩኒኮድ መላክ ስላለበት፣ አንድ መልእክት የሚይዘው 160 ሳይሆን 70 ፊደል ብቻ ነው። «ውኃ ወርዷል፤ ሞተሩ ቆሟል» ለማለት ይበቃል።

አማርኛ በመሣሪያው ስክሪን ላይም ሊታይ ይችላል። በሁለት መስመር 16 ፊደል የምታሳየው የተለመደችው አረንጓዴ ኤልሲዲ ለዚህ አትሆንም፤ ከተሠራላት ፊደል ውጭ የምትቀበለው ስምንት ምልክት ብቻ ነው። 128 በ64 ነጥብ ያላት ትንሿ ኦሌድ ስክሪን ግን ፎቶ እንደምታሳይ ሁሉ ጽሑፍ በሥዕል መልክ ስለምትቀበል፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የግእዝ ፎንት ተጠቅሞ ጽሑፉን መሣልና መላክ ይቻላል። ፊደሉ ከ14 ነጥብ ካነሰ «ሰ» እና «ሱ»ን፣ «ነ» እና «ኑ»ን መለየት ያስቸግራል።

ዕቃውን ስለማግኘት ትንሽ ልጨምር። ሬዚስተር፣ ሽቦ፣ ባትሪና ቱቦ እዚሁ ከተማ ይገኛሉ፤ ቦርዶቹና መለኪያዎቹ ግን እኔ ያገኘኋቸው ከአዲስ አበባ እና ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው። እንዲህ ሲታዘዝ የሚረሳ አንድ ዕቃ አለ። የዜሮ 2 ደብልዩ የካሜራ መሰኪያ ከፓይ 3 እና ከፓይ 4 መሰኪያ ጠባብ ስለሆነ ከካሜራው ጋር የሚመጣው ሰፊ ኬብል አይገባበትም፤ ባለ 22 መስመሩ ጠባብ ኬብል ተለይቶ መታዘዝ አለበት። ዜሮው ያለ ጂፒአይኦ እግር የሚመጣበት ዓይነትም ስላለ፣ ሶልደር ማድረግ የማይችል ሰው እግር የተሠራለትን ይምረጥ። ሥርዓተ ክወናውንና የሚያስፈልጉትን የፓይተን ጥቅሎች ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ አስቀድሞ አውርዶ በፍላሽ መያዝ፣ ካርዱንም ከነዋይፋይ ስሙና ከነይለፍ ቃሉ ቤት ውስጥ አዘጋጅቶ መሄድ፣ ሐይቅ ዳር ላፕቶፕ ጭን ላይ አስቀምጦ መስመር ከመጠበቅ ያድናል። ለካሜራው የሚሆን ሣጥን ግን እስካሁን የሚያጠግብ አላገኘሁም፤ በክረምት ማለዳ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይይዛል፣ እርጥበት የሚመጥጥ የሲሊካ ከረጢት እየለወጥሁ ነው የምሠራው።